ካልጠየቁ መድረክ ይቀራል

«አይሆንም» የምትለውን አጭር መልስ ፈርተን ሆዳችን ውስጥ ያስቀረነው ጥያቄ ስንት ይሆን? አለቃችንን ሳንጠይቅ የቀረ የደረጃ ዕድገት፣ ለአሳታሚ ሳናሳየው መሳቢያ ውስጥ የከረመ ጽሑፍ፣ «እኔም ልሞክር» ሳንል ለሌላ ሰው ያለፈ ሥራ… ቢቆጠር ብዙ ነው። አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ይህን ዝምታ አይተው ነው። ችሎታው አለ፣ ቦታውም አለ፤ የጎደለው አንደበት ነው።

ዛሬ የማጫውታችሁ ጠይቃ ስላገኘች ሴት ነው። ሱዛን ስትሮማን ትባላለች። አሜሪካዊት ናት፤ ሥራዋ የሙዚቃዊ ቴአትር ዳንስ ማቀናበርና ማዘጋጀት ነው። ብሮድዌይ በሚባለው የኒውዮርክ የቴአትር ሰፈር ለአንድ ባለሙያ የሚሰጠው ትልቁ ክብር የቶኒ ሽልማት ነው፤ እሷ አምስት አላት። ከሩቅ የሚያያት «ዕድለኛ ናት» ብሎ ያልፋል። ቀረብ ብሎ የሕይወቷን ጉዞ የተከታተለ ግን የበሩ ቁልፍ አንድ በደንብ የታሰበ ጥያቄ እንደነበር ያያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳሎን ውስጥ የጀመረ ፍቅር

ሱዛን በ1954 በደላዌር ግዛት፣ ዊልሚንግተን በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ በሽያጭ ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ፤ ቤት ውስጥ ፒያኖ ይጫወታሉ፤ ልጃቸውም በዚያ ሙዚቃ እየደነሰች ሳሎኑን ትዞረዋለች። የዝነኛው ዳንሰኛ የፍሬድ አስቴር ፊልም በቴሌቪዥን ሲመጣ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ሙዚቃ ስትሰማ በሐሳቧ ሰዎች ሲንቀሳቀሱ፣ ሲገናኙና ሲለያዩ ይታዩዋታል። ለእሷ እያንዳንዱ ዜማ በውስጡ ታሪክ አለው።

በደላዌር ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማረች፤ በ1976 ኒውዮርክ ገባች። እንደ ብዙው ወጣት መጀመሪያ የተቀጠረችው ለመዝፈንና ለመደነስ ነው። በ1979 በብሮድዌይ መድረክ ላይ ከዳንሰኞቹ አንዷ ሆና ታየች። ብዙ ሰው እዚህ ቢደርስ «ሞላልኝ» ይላል። የሱዛን ልብ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሌላ ሰው የፈጠረውን እርምጃ ከመርገጥ ይልቅ እርምጃውን ራሷ መፍጠር ትፈልጋለች።

ችግሩ ለዚህ የሚቀጥር ሰው አለመኖሩ ነው። ብሮድዌይ ላይ አንድ ሙዚቃዊ ቴአትር ለማቆም በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይፈስሳል። ያንን ገንዘብ የሚያወጣ ፕሮዲውሰር ደግሞ ስሙን ሰምቶት ለማያውቀው ሰው ሥራውን አይሰጥም። ልምድ ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ልምድ የለም። ይህን አዙሪት ከመካከላችን የማያውቀው አለ? ከኮሌጅ ወጥቶ ማመልከቻ ይዞ የዞረ ሁሉ ያውቀዋል።

ብልህ ጥያቄ

ሱዛን ስኮት ኤሊስ የሚባል ጓደኛ ነበራት። እሱም ተዋናይ ነው፤ እሱም በልቡ አዘጋጅ መሆን ይመኛል። ኤሊስ ቀደም ሲል ጆን ካንደር እና ፍሬድ ኤብ በደረሱት አንድ ሙዚቃዊ ቴአትር ላይ ተጫውቶ ስለነበር ሁለቱን ሰዎች ያውቃቸዋል። ካንደርና ኤብ ማለት «ካባሬ»ን እና «ቺካጎ»ን ያፈሩ፣ በሙያው አንቱ የተባሉ የዜማና የግጥም ደራሲዎች ናቸው። ሁለቱ ወጣቶች መከሩና የእነዚህን ሰዎች ደጅ አንኳኩ።

ልብ በሉ፤ የጠየቁት «ቺካጎን ስጡን» ብለው አይደለም። የጠየቁት «ፍሎራ ዘ ሬድ ሜናስ» የተባለውን፣ አቧራ የጠጣውን ሥራ ነው። ይህ ቴአትር በ1965 ብሮድዌይ ላይ ታይቶ ከ87 ትርኢት በኋላ የተዘጋ ነው። የ19 ዓመቷ ተዋናይት ላይዛ ሚኔሊ በእሱ ቶኒ ብትሸለምም፣ ተውኔቱ ራሱ ተረስቶ ቀርቷል። ወጣቶቹ «ይህንን ከብሮድዌይ ውጪ ባለ ትንሽ ቴአትር ቤት እንደገና እንሥራው?» አሉ። እነ ካንደርም «ሥሩት» አሏቸው።

የጥያቄው ብልህነት እዚህ ላይ ነው። የጠየቁት ነገር ለሰጪዎቹ የማያስከፍል ነው፤ ማንም እየተጠቀመበት አልነበረም። ለጠያቂዎቹ ግን ሕይወት የሚቀይር ነው። «አይሆንም» ቢባሉ ደግሞ የሚያጡት ምንም የለም፤ በነበሩበት ይቆያሉ። እኛ ብዙ ጊዜ ስንጠይቅ ወይ ከመጠን በላይ ትልቅ ነገር እንጠይቃለን፣ ወይ «እባክዎ አንድ ነገር ያድርጉልኝ» ብለን ምን እንደምንፈልግ እንኳ የማይታወቅ ነገር እንናገራለን። ተጠያቂው ሰው በቀላሉ «እሺ» ሊል የሚችለው ጥያቄው ጥርት ያለ፣ የሚቻልና ለእሱም ትርጉም ያለው ሲሆን ነው።

ዴቪድ ቶምፕሰን የተባለ ሌላ ወጣት የተውኔቱን ጽሑፍ እንደገና ሠራው። ኤሊስ አዘጋጀ፤ ሱዛን ዳንሱን አቀናበረች። በ1987 ቪንያርድ በተባለው አነስተኛ ቴአትር ቤት መድረክ ላይ ወጣ። ገንዘቡ ጥቂት ነበር። ነገር ግን አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት ተመልካቾች መካከል ሃል ፕሪንስ ነበር፤ በ1965 የመጀመሪያውን «ፍሎራ» ፕሮዲውስ ያደረገው፣ በብሮድዌይ ስመ ጥር የሆነው አዘጋጅ ነው። ላይዛ ሚኔሊም መጥታ አየችው። ፕሪንስ ብዙም ሳይቆይ በኒውዮርክ ሲቲ ኦፔራ የሞዛርትን «ዶን ጆቫኒ» ሲያዘጋጅ ዳንሱን ለሱዛን ሰጣት። ላይዛም በ1991 በግዙፉ ራዲዮ ሲቲ አዳራሽ ላቀረበችው ትርኢት ጠራቻት። ከትንሿ ክፍል ወደ ትልቁ አዳራሽ የወሰዳት መንገድ ይህ ነው።

ስለዚህ «ቦታው ትንሽ ነው፣ ማን ያየኛል?» አትበሉ። ትንሽ መድረክ ላይ በሙሉ ልብ የተሠራ ሥራ የሚያየው ሰው አያጣም።

በእጅ ካለው ነገር

በ1992 ትልቁ ቀን መጣ። «ክሬዚ ፎር ዩ» የተባለው፣ በጆርጅ ገርሽዊን ዜማዎች ላይ የተሠራው ቴአትር ብሮድዌይ ላይ ተከፈተ። የዳንሱ አቀናባሪ ሱዛን ናት። ታሪኩ የሚፈጸመው በኔቫዳ በረሃ ባለች፣ ዘመን ባለፈባት የማዕድን ቆፋሪዎች ከተማ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያማረ ዳንስ አስጠንቶ ይለቅ ነበር። ሱዛን ግን ከሁሉ በፊት ትጠይቃለች፦ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? የት ነው ያሉት? እጃቸው ላይ ምን አለ? መልሱ ዶማ፣ መዶሻ፣ የወርቅ ማጠቢያ ሳህን፣ ቆርቆሮ ነው። እንግዲህ በእነዚህ ደነሱ! ዶማው መሬት ሲመታ ምት ሆነ፤ ቆርቆሮው ከበሮ ሆነ። በሌላ ትዕይንት ላይ ሴቶቹ ዳንሰኞች ገመድ ወጥረው ይይዛሉ፤ ወንዶቹ ገመዱን እንደ ባስ ክር ይመቱታል፤ ሴቷ ራሷ የሙዚቃ መሣሪያ ሆነች። ቴአትሩ 1,622 ጊዜ ታየ፤ የዓመቱ ምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትር ተባለ፤ ሱዛንም የመጀመሪያ ቶኒዋን ወሰደች።

«ካፒታል የለኝም፣ መሣሪያ የለኝም፣ ሰው የለኝም» እያልን የምናማርር ሰዎች ይህንን ማየት አለብን። መነሻችን የሌለን ነገር ከሆነ ዝርዝሩ አያልቅም። እጃችሁ ላይ ያለውን ቁጠሩ፦ የምታውቁት ሙያ፣ የምትናገሩት ቋንቋ፣ የሚያምናችሁ አንድ ደንበኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ያላችሁ ሦስት ሰዓት። የሱዛን ዶማ ያ ነው።

ከዚህ ጀርባ ደግሞ ተመልካች የማያየው ጥናት አለ። ሱዛን ተዋንያኑን ለልምምድ ከመጥራቷ በፊት ከረዳቶቿና ከፒያኖ ተጫዋች ጋር ተዘግታ ለሳምንታት ትሠራለች። በ1994 ብሮድዌይ ላይ የታየውን «ሾው ቦት» ከሃል ፕሪንስ ጋር ስትሠራ፣ ታሪኩ አርባ ዓመት ገደማ የሚሸፍን በመሆኑ የዘመኑን ማለፍ በዳንስ ማሳየት ነበረባት። የየዘመኑን ዳንስ አጠናች። ቻርልስተን የተባለው ዝነኛ ዳንስ ከጥቁር አሜሪካውያን የመነጨ መሆኑንም በመድረኩ ላይ አሳየች፤ ጥቁሮቹ ዳንሰኞች ጎዳና ላይ እርምጃውን ይፈጥራሉ፣ ነጮቹ አይተው ይወስዱታል። አንድም ቃል ሳይነገር ታሪክ ተነገረ። ይህ ሥራ ሁለተኛውን ቶኒ አስገኘላት።

ድፍረት ያለ ዝግጅት ችኮላ ነው። ዝግጅት ያለ ድፍረት ደግሞ የተቀበረ ወርቅ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ሰው የሚነሣው።

በሩ እናንተን ሲያንኳኳ

አንዳንድ ጊዜ ነገሩ ይገለበጥና ዕድል ራሱ ደጃችንን ይመታል። በኒውዮርኩ ሊንከን ሴንተር የሚገኘው ትልቅ ቴአትር ቤት ኃላፊ ሱዛንን «የራስሽ ሐሳብ ካለሽ እናግዝሻለን» አላት። ይህን ግብዣ ለመቀበል ሐሳብ ያስፈልጋል። እሷ ጋ ነበር።

ከዚያ በፊት አንድ ሌሊት ኒውዮርክ ውስጥ ወደ አንድ የዳንስ ቤት ገብታ ነበር። ሁሉም ሰው ጥቁር ለብሷል፤ በመካከል አንዲት ሴት ብቻ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ሴቲቱ አብራው መደነስ የምትፈልገው ሰው ስታገኝ ወደ ፊት ትራመዳለች፤ ደንሳ ስትጨርስ ትመለሳለች። ሱዛን ቆማ ተመለከተቻት፤ «ይቺ ሴት ዛሬ ማታ የአንድን ሰው ሕይወት ትለውጣለች» የሚል ሐሳብ መጣላት። ብዙ ሰው ያያትን ሴት እሷ ታሪክ አድርጋ አስቀመጠቻት። ጥሪው ሲመጣ ከጸሐፊው ጆን ዋይድማን ጋር ሆና «ኮንታክት» የተባለውን ሥራ ፈጠረች፤ ታሪኩ በዳንስ የሚተረክ ነው። በ1999 ተከፍቶ በ2000 የዓመቱ ምርጥ ሙዚቃዊ ቴአትር ሆነ። ተዋንያኑ በመድረክ ላይ ስለማይዘፍኑና ሙዚቃውም የተቀዳ ስለነበር «ይህ ሙዚቃዊ ቴአትር ይባላል ወይ?» ብለው የተከራከሩ ብዙ ናቸው። እሷ ግን በዳንስ አቀናባሪነት ሌላ ቶኒ ይዛ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ስለዚህ ማስታወሻ ያዙ። መንገድ ላይ ያያችሁትን፣ ገበያ ውስጥ የሰማችሁትን፣ «ይህ ነገር እንዲህ ቢሠራ» ያላችሁትን ጻፉ። «ሐሳብ አለህ? ሐሳብ አለሽ?» የሚል ሰው የሚመጣበት ቀን አይታወቅም።

በሐዘን መካከል

አነቃቂ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሐዘንን ዘልሎ ያልፋል። የሱዛን ታሪክ ግን ያለ እሱ አይሞላም። «ክሬዚ ፎር ዩ»ን ያዘጋጀው እንግሊዛዊ ማይክ ኦክረንት ነበር። በሥራው ተዋወቁ፤ በ1996 ተጋቡ። ኮሜዲያኑ ሜል ብሩክስ በ1967 የሠራውን «ዘ ፕሮዲውሰርስ» የተሰኘ ፊልም ወደ መድረክ ለማምጣት ሲያስብ የመረጠው እነዚህን ባልና ሚስት ነው። ሱዛን ደጋግማ እንደምታወራው፣ ብሩክስ ቤታቸው ሲመጣ ገና በሩ ሲከፈትለት እየዘፈነና እየደነሰ ኮሪደሩን አልፎ ሶፋቸው ላይ ወጣ፤ ማን እንደሆነ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። እቅዱ ኦክረንት እንዲያዘጋጅ፣ እሷ ዳንሱን እንድታቀናብር ነበር።

በታኅሣሥ 1999 ኦክረንት በደም ካንሰር ሞተ።

ሱዛን ሥራውን መቀጠል እንደማትችል አሰበች። ብሩክስ ግን አልተዋትም። ጠዋት ታለቅሻለሽ፣ ማታም ታለቅሻለሽ፤ በመካከሉ ከእኛ ጋር ስትሆኚ ግን ትስቂያለሽ አላት። የባሏን ወንበር ይዛ አዘጋጅም የዳንስ አቀናባሪም ሆነች። በሚያዝያ 2001 ቴአትሩ ተከፈተ። ታሪኩ ሆን ብለው የሚወድቅ ቴአትር ሠርተው ገንዘቡን ሊበሉ ስለሚያሤሩ ሁለት ሰዎች ነው። ዎከር የሚባለውን የመራመጃ ድጋፍ የያዙ አሮጊቶች በዚያው ድጋፍ መሬቱን እየመቱ ሲደንሱ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የእጅ ዕቃን ወደ ዳንስ የመለወጥ ጥበቧን ሐዘን አልወሰደባትም። ቴአትሩ 12 የቶኒ ሽልማቶችን ወሰደ፤ እስከዚያ ቀን ይህን ያህል የወሰደ አልነበረም። ሱዛን በአንድ ምሽት የአዘጋጅነትንም የዳንስ አቀናባሪነትንም ቶኒ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ይህን የምነግራችሁ «ሐዘንተኛ ሁሉ ቶሎ ተነሥቶ ይሥራ» ለማለት አይደለም። ሐዘን የራሱ ጊዜ አለው፤ ለቅሶም ወግ ነው። ነገር ግን ሰው ብቻውን ከሚያዝን ከሰዎች መካከል ሆኖ ቢያዝን ይሻለዋል። ከጎናችሁ የተጎዳ ባልደረባ ካለ «ና፣ ከእኛ ጋር ዋል» የምትል አንዲት ግብዣ ሕይወት ልትመልስ ትችላለች።

ቶኒ ያልመጣባቸው ዓመታት

አሁን ደግሞ ሌላውን ገጽ እንገልብጥ። በ1997 «ስቲል ፒየር» የተባለው ሥራዋ በ11 ዘርፍ ለቶኒ ታጨ፤ አንድም ሳያገኝ ቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። «ዘ ፕሮዲውሰርስ» 12 ሽልማት በወሰደበት በዚያው 2001 መገባደጃ ላይ ያቀረበችው ሌላ ሙዚቃዊ ቴአትር ብዙ ሳይቆይ ከመድረክ ወረደ። በበጋ ከሰማይ፣ በመኸር ከመሬት!

ከሁሉ የሚደንቀው «ዘ ስኮትስቦሮ ቦይስ» ነው። በ1931 በአላባማ ግዛት ባልሠሩት ወንጀል ተከስሰው ሞት ስለተፈረደባቸው ጥቁር ወጣቶች የሚተርክ፣ የካንደርና የኤብ ሥራ ነው። ኤብ ሥራው ሳይጠናቀቅ በ2004 አረፈ። ሱዛን፣ ካንደርና ቶምፕሰን ግን አልጣሉትም። የት ይዘውት ሄዱ? ወደ ቪንያርድ፤ ከ23 ዓመት በፊት «ፍሎራ»ን ወደሠሩበት ቴአትር ቤት። መድረኩ ላይ ብዙ ዕቃ የለም፤ ወንበሮች ብቻ አሉ። ወንበሮቹ ሲደራረቡ ባቡር ይሆናሉ፣ ሲገጣጠሙ እስር ቤት ይሆናሉ። በ2010 ብሮድዌይ ደርሶ ሁለት ወር ሳይሞላው ተዘጋ። በኋላ በ12 ዘርፍ ለቶኒ ታጨ፤ አንድም አላገኘም። ሱዛን «በቃ» አላለችም። በ2013 ይዛው ለንደን ገባች፤ እዚያ ተወደደና ወደ ትልቅ ቴአትር ቤት ተሸጋገረ። በዚያው ዓመት የአላባማ ግዛት ከእነዚያ ወጣቶች መካከል ስማቸው ሳይጸዳ ለቀሩት የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች ከሞቱ በኋላ ይቅርታ ሰጠ።

አንድ ሥራ ተዘጋ ማለት ዋጋ የለውም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። ሽልማት የሌላ ሰው ውሳኔ ነው፤ ሥራው የእናንተ ነው።

የአንድ ጥያቄ ዕድሜ

በ2023 ሱዛን «ኒውዮርክ፣ ኒውዮርክ» የተባለውን ሙዚቃዊ ቴአትር አዘጋጅታ ዳንሱንም አቀናብራ ብሮድዌይ ላይ አወጣች። ወደ ሰባ ዓመቷ ተጠግታ ነበር። የዜማው ደራሲ ማን ነው? ጆን ካንደር፤ በ96 ዓመቱ። ከተውኔቱ ጸሐፊዎች አንዱስ? ዴቪድ ቶምፕሰን። «ፍሎራን እንሥራው?» ተብሎ የተጠየቀው ካንደር ከ1987ቱ «ፍሎራ» 36 ዓመት በኋላም አብሯት ሠራ። ቴአትሩ ብዙ ወራት አልቆየም፤ ወዳጅነቱ ግን ዕድሜ ልክ ቆየ። ያን ቀን አፍረው ቢመለሱ ኖሮ ከዚህ ሁሉ የትኛው ይኖር ነበር?

እንግዲህ ተራው የእናንተ ነው። ዛሬ ማታ ወረቀት አውጡና የአንድ ሰው ስም ጻፉ፤ ሙያውን የምታከብሩት፣ ልትደርሱበት የምትችሉት ሰው ይሁን። ከስሙ ሥር አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ ለእሱ የማይከብድ፣ ለእናንተ መንገድ የሚከፍት። ቀጥሎ «እሺ ቢለኝ ነገ ጠዋት ምን ይዤ እቀርባለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን መርምሩና የጎደለውን አዘጋጁ። የሚረዳችሁ ጓደኛ ካለ አብራችሁ ሂዱ፤ ሱዛንም ብቻዋን አልሄደችም። ሳምንቱ ከማለቁ በፊት ደግሞ ደውሉ፣ ጻፉ፣ ወይም ደጃቸው ሄዳችሁ ቁሙ። «አይሆንም» ከተባላችሁ አመስግናችሁ ሁለተኛውን ስም ጻፉ። «እሺ» ከተባላችሁ ግን ወዲያው ሥራ ጀምሩ!